ለ15 ዋት አምፔ አዲስ ስፒከር እንዴት መረጥኩ

የጊታር አምፔ፣ ማለትም የጊታሬን ድምፅ የምታጎላው ሳጥን፣ ትንሽ ናት። 15 ዋት፣ ባለ ቲዩብ (አምፑል በሚመስሉ የመስታወት ቱቦዎች የምትሠራ)፣ ውስጧ አንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከር ብቻ። ያገለገለች ሆና ነው ከአሜሪካ የመጣችልኝ። የምትሠራው በ120 ቮልት ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ ያለ ስቴፕ ዳውን (ቮልት ቀናሽ) ከሰካኋት አበቃላት። ቅዳሜና እሁድ ሬስቶራንት ውስጥ ከኪቦርድ፣ ከሳክስፎንና ከአንድ ዘፋኝ ጋር እጫወትባታለሁ። በአዘቦት ቀን ደግሞ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ ለጎረቤት እየተሳቀቅኩ እለማመድባታለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ምርጫው በሙሉ ከዚህ ስለሚነሳ ነው። ቤት ብቻ ለሚጫወት ሰውና ከድራም ጋር ለሚፎካከር ሰው አንድ ዓይነት ስፒከር አይመከርም።

ችግሩ የጀመረው ወፍራሞቹ ክሮች ላይ ነው። ክፍቱን ኢ፣ ማለትም ወፍራሙን ክር ጣት ሳላሳርፍበት ስመታ፣ ጠርሙስ ውስጥ ዝንብ የገባ ይመስል ዝዝዝ የሚል ነገር ድምፁን ይከተለዋል። እንዲህ ሲሆን ሰው ሁሉ ቶሎ ብሎ ስፒከሩ ላይ ይፈርዳል። ግን ያረጀ ቲዩብም ይንጫጫል፣ የላላ ብሎንም ይንጫጫል፣ የኋላው ኮምፔንሳቶም ይንጫጫል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት የጓደኛዬን የጊታር ስፒከር ሳጥን ተዋስኩ። የእሱም እንደ እኔው ስፒከር 8 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) መሆኑን አየሁ፣ አምፔን አጠፋሁ፣ የውስጡን ስፒከር ነቅዬ ሳጥኑን ሰካሁ። ዝዝታው ጠፋ። አምፕዋ ደህና ናት ማለት ነው።

ማጥፋቱን የጠቀስኩት በምክንያት ነው። ባለ ቲዩብ አምፕ ስፒከር ሳይሰካበት ከተጫወታችሁበት የውጤት ትራንስፎርመሩ (ጉልበቱን ወደ ስፒከሩ የሚያስተላልፈው ክፍል) ሊቃጠል ይችላል። ስፒከሩ ቢቃጠል ሌላ ይገዛል። ትራንስፎርመሩ ከተቃጠለ ግን ወጪውም ራስ ምታቱም ሌላ ነው።

ቀጥሎ ስፒከሩን ራሱን መረመርኩ። በቴስተር ስለካው 6 ኦም ተኩል አካባቢ አሳየኝ። 8 ኦም የተጻፈበት ስፒከር በቴስተር 6 ወይም 7 ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ቴስተር የሚለካው በቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ነው፤ 8 የሚለው ቁጥር ደግሞ የሙዚቃው ተለዋዋጭ ሞገድ ሲያልፍበት ያለውን መቋቋም ነው የሚነግረን። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ኮይሉ፣ ማለትም የስፒከሩን ወረቀት የሚያንቀጠቅጠው የሽቦ ጥቅል፣ ተበጥሷል። የእኔ አልተበጠሰም። ከዚያ አንድ የባትሪ ድንጋይ ወስጄ ከስፒከሩ ሁለት የሽቦ መሰኪያዎች ጋር ለቅጽበት አነካካሁት። ወረቀቱ ወደ ፊት ብቅ አለ፣ ሲመለስ ግን ቸርርር አለ። በሁለት አውራ ጣቶቼ ከግራና ከቀኝ እኩል ቀስ አድርጌ ስጫነውም ያው መፋተግ ተሰማኝ። ኮይሉ ማግኔቱን እየነካ ነው። ወረቀቱም ዳር ላይ ተቀዷል።

ቅዳዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስስ ወረቀት በኮላ ለጥፌ እቀጥል ነበር። ትንሽ ቅዳድ በዚህ መንገድ ለዓመታት ይኖራል፣ ድምፁም ብዙ አይለወጥም። የሚፋተግ ኮይል ግን በኮላ አይድንም።

መርካቶ ሄድኩ። እዚያ ስፒከር የሚጠቀልሉ ጎበዝ ባለሙያዎች አሉ። የሠርግ ቤቱንም የጭፈራ ቤቱንም ዎፈር (የቤዝ ስፒከር) ሞት አፋፍ ላይ ደርሶ የሚመልሱት እነሱ ናቸው። አንድ ትልቅ ሰው ስፒከሬን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ኮይሉን እጠቀልልሃለሁ ልጄ» አሉኝ። «ወረቀት ግን ያለኝ የዎፈር ነው። ለጊታር አይሆንህም።»

«ለምን ጋሼ?»

«ይከብዳል። ቀጭኑን ድምፅ ይበላብሃል።»

በሁለት ቃል ጨረሱት። የጊታር ስፒከር ወረቀቱ ስስና ቀላል ነው፣ ዳሩም ራሱ የተሸበሸበው ወረቀት ወይም ጨርቅ ነው። የመኪና ዎፈር ደግሞ ወፍራም ወረቀትና የጎማ ዳር አለው፤ በትልቅ ጉልበት ቤዝ እንዲገፋ ነው የተሠራው። በ15 ዋት ሲገፋ ያንቀላፋል። ብዙዎቹ የመኪና ዎፈሮች 4 ወይም 2 ኦም መሆናቸው ሳይጨመር ነው። «ያው 12 ኢንች አይደል እንዴ» ብሎ የመኪና ዎፈር የሚገጥም ሰው አውቃለሁ፤ ጊታሩ ብርድ ልብስ ለብሶ ነው የሚዘፍነው። የቤት ቴፕ ስፒከርም መፍትሔ አይደለም። ጊታር ስፒከር ከ5 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ ሆን ብሎ ነው የሚጥለው። እሱን የማይጥል ስፒከር ላይ ዲስቶርሽን (ድምፁን ሆን ብሎ የሚያሰባብረውን) ስታበሩ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ይሰማችኋል።

ስለዚህ አዲስ ሊገዛ ነው። እኔ ያየኋቸው ሱቆች ውስጥ ባለ 12 ኢንች የጊታር ስፒከር ለብቻው አላገኘሁም። አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ለበዓል ልትመጣ ስለነበር በእሷ ሻንጣ እንዲመጣ ተስማማን። ከዚያ ቁጭ ብዬ ቁጥሮችን ማንበብ ጀመርኩ።

ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዋቱን ነው። የስፒከር ዋት ግን የሚናገረው ምን ያህል ጉልበት ሳይቃጠል እንደሚችል ብቻ ነው። 100 ዋት የሚችል ስፒከር ብገጥም አምፔ ያው 15 ዋት ናት፣ አትጮህም። ዝቅተኛውን ግን መጠንቀቅ ነው። ቲዩብ አምፕ እስከ ጥግ ሲከፈትና ድምፁ ሲሰባበር ከተጻፈበት ዋት በላይ ያወጣል። ስለዚህ ለ15 ዋት አምፕ ቢያንስ 25 ወይም 30 የሚችል እፈልጋለሁ አልኩ። ይህ አንድ ታዋቂ ስፒከር አስጣለኝ፤ ሴለስቲየን የሚባለው ስፒከር ሠሪ «ብሉ» የሚለው ስፒከር የሚችለው 15 ዋት ብቻ ነው። ለእኔ ያ ጠርዝ ላይ መቆም ነው። ዋጋውም ቢሆን አይቀመስም።

ዋናው ቁጥር ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ዲሲቤሉ ላይ። ስፒከሩ 1 ዋት ሲሰጠው 1 ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዲሲቤል ይጮሃል የሚለው ነው። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። 3 ዲሲቤል ልዩነት ማለት የአምፑን ዋት በእጥፍ እንደመጨመር ነው። በ97 ዲሲቤል ስፒከር ላይ ያለች ባለ 15 ዋት አምፕ ስፒከሯ ወደ 100 ቢቀየር፣ በድሮው ስፒከር ላይ እንዳለ ባለ 30 ዋት አምፕ ትጮሃለች። ምንም ሳትነኳት። በተቃራኒው 94 ብትገጥሙላት እንደ 7 ዋት ተኩል ትሆናለች። ለትንሽ አምፕ ከዚህ የሚበልጥ ቁጥር የለም ባይ ነኝ። ብዙ ሰው አምፑ ደከመብኝ ብሎ ሊሸጥ የሚሮጠው ይህችን መስመር ሳያነብ ነው።

ታዲያ ትልቁን መርጬ ላብቃ? እዚህ ጋ ነው የት ነው የምጫወተው የሚለው የሚመለሰው። ሬስቶራንቱ ውስጥ አምፔ ፊት ማይክ ስለሚቆም ለታዳሚው የሚደርሰው በትልቁ ሳውንድ ሲስተም ነው። እኔ የምፈልገው ራሴንና ኪቦርዲስቱን መስማት ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ ድምፅ የሚጨምር ስፒከር ጠላት ነው፤ ቮልዩሙ 2 ላይ ሳይደርስ ግድግዳ ይንኳኳል። ቲዩብ አምፕ ደግሞ የሚጣፍጠው ትንሽ ከፍ ሲል ነው። ስለዚህ 98 አካባቢ ይበቃኛል አልኩ።

ከቁጥሩ በኋላ ጣዕሙ ይመጣል። ሦስት ስፒከሮች ላይ ብዙ ቆየሁ።

የመጀመሪያው የሴለስቲየን ቪንቴጅ 30 ነው። 60 ዋት ይችላል፣ 100 ዲሲቤል ነው። ሮክ ለሚጫወት ሰው የሚደነቅ ነው፣ በባንድ መሃል ሰንጥቆ ይወጣል። የሚሰነጥቀው ግን ከፍ ባሉት የመካከል ድምፆች ስለሆነ፣ ከዘፋኝ ጋር ለሚጫወት ሰው የዘፋኙን ቦታ ይሻማል። ክብደቱም 4.7 ኪሎ ነው። ለ23 ኪሎ ሻንጣ ይህ ቀልድ አይደለም። የአክስቴ ልጅ ክብደቱን ስነግራት «ለአክስቴ የያዝኩትን ጫማና ቫይታሚን ላውጣልህ?» አለችኝ።

ሁለተኛው የኤሚነንስ ስፒከር ነው፤ ወረቀቱ ከሄምፕ ቃጫ የተሠራ፣ ድምፁ ለስለስ ያለ፣ ከ100 ዲሲቤል በላይ የሚጮህ። በጣም ወድጄው ነበር። ስሙ ግን «ካናቢስ ሬክስ» ነው። ካርቶኑ ላይ ካናቢስ ተብሎ የተጻፈ ዕቃ ቦሌ ጉምሩክ ላይ ማን ያስረዳል? «አንተ፣ ልታሳስረኝ ነው እንዴ!» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። እሱም ቀረ።

ሦስተኛው የሴለስቲየን ግሪንባክ ነው። 25 ዋት፣ 98 ዲሲቤል፣ 3.6 ኪሎ። ለእኔ ጨዋታ የሚስማማው ይህ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ ግን የዚሁ ቤተሰብ የሆነውን ኒዮ ክሪምባክን አገኘሁ። 60 ዋት ይችላል፣ እሱም 98 ዲሲቤል ነው፣ ክብደቱ ግን ወደ 2 ኪሎ ዝቅ ይላል። ልዩነቱ ማግኔቱ ነው። ኒዮዲሚየም ትንሽ ሆኖ ብዙ ይስባል።

ስለ ማግኔት ብዙ ተረት ይወራል። ድሮ የጊታር ስፒከር በአልኒኮ ነበር የሚሠራው፤ አሉሚኒየም፣ ኒኬልና ኮባልት ከብረት ጋር ተቀላቅሎ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በዛየር (በዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ) ሻባ ክፍለ ሀገር፣ ማለትም ካታንጋ፣ በተነሳው ጦርነት የኮባልት ዋጋ ሰማይ ነካ፣ ስፒከር ሠሪዎችም ከአልኒኮ ይበልጥ ወደ ርካሹ ሴራሚክ ማግኔት ሸሹ። ካታንጋ ውስጥ የተተኮሰ ጥይት ቺካጎና ለንደን ያለውን የጊታር ድምፅ ነካ ማለት ነው። ዛሬ አልኒኮ የሚወደደው ድምፁ ለስላሳ ነው ተብሎ ነው፣ እውነትም አለበት። ግን ወረቀቱና ኮይሉ ከማግኔቱ ስም የበለጠ ድምፁን ይወስናሉ ብዬ አምናለሁ።

ጣዕሙን በሚመለከት የእኛን ቅኝት አልረሳሁም። ትዝታ ላይ ትንሽ ቢሰባበር ደስ ይላል። አንቺሆዬ ላይ ግን በግማሽ ድምፅ የሚጠጋጉ ኖታዎች አሉ። ሁለቱን አንድ ላይ ስትመቱ ስፒከሩ ራሱ የሚሰባበር ከሆነ ይጨቃጨቃሉ። 60 ዋት የሚችል ስፒከር በ15 ዋት አይጨናነቅም፣ መሰባበሩን ለአምፑ ይተወዋል። ይህም ወደ ኒዮው አዘነበለኝ።

ከማዘዛችን በፊት ሁለት ነገር አጣራሁ። አንደኛ ኦሙን። ያው ስፒከር በአንድ ስም በ8ም በ16ም ኦም ይሸጣል፣ ልዩነቱ በትንሽ ጽሑፍ ነው ያለው። ለአክስቴ ልጅ «8» የሚለውን አክብቤ ፎቶ ላክሁላት። ትራንዚስተር አምፕ ከፍ ያለ ኦም ቢሰካበት ድምፁ ይቀንሳል እንጂ አይጎዳም፤ ዝቅ ያለ ነው የሚያቃጥለው። ቲዩብ አምፕ ግን የተጻፈለትን ቢያገኝ ይሻላል። ሁለተኛ ቦታውን። ስፒከሩ ከሚያርፍበት እንጨት እስከ ትራንስፎርመሩ ድረስ በማስመሪያ ለካሁ። ትልቅ ማግኔት ያለው ስፒከር ትንሽ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ከቲዩብ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ኒዮው አጭር ስለሆነ ሰፊ ክፍት ቦታ ተረፈ።

መግጠሙ ቀላል ነው። አምፑን ከሶኬት መንቀል፣ የኋላውን ኮምፔንሳቶ መፍታት፣ ሁለቱን ሽቦዎች መንቀል፣ ብሎኖቹን መፍታት። አምፑ ውስጥ ከጠፋ በኋላም ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ተጠራቅሞ ሊቆይ ስለሚችል የብረቱን ክፍል አልነካሁም። ለስፒከር መንካትም አያስፈልግም። ካቻቢቴ ስትጠቀሙ ግን ከማግኔቱ ራቁ፤ ጎትቶ ወረቀቱ ውስጥ ሊሰካው ይችላል። ብሎኖቹን አንዱን፣ ከዚያ ፊት ለፊቱ ያለውን እያልኩ በየተራ አሰርኩ። አንዱን ጎን ብቻ አጥብቆ መጨረስ የስፒከሩን ብረት ያጣምማል፣ ኮይሉም እንደገና መፋተግ ይጀምራል።

የመጀመሪያው ቀን ድምፁ ደረቅ ነበር። አዲስ ስፒከር እንደዚያ ነው፣ ወረቀቱና ዳሩ እስኪላላ መጫወት ይፈልጋል። ስለዚህ ጎረቤት ሥራ ሲሄድ ወፍራም ክሮች ላይ ደጋግሜ መታሁ። አሁን ክፍቱ ኢ ጥርት ብሎ ይወጣል። ትሪብሉን ከድሮው ከፍ አድርጌ ነው የምጫወተው፣ ቤዙን ደግሞ ቀንሼ። ኪቦርዲስቱ አንድ ቅዳሜ «ዛሬ ምን ለወጥክ?» አለኝ፤ ዘፋኟ ምንም አላስተዋለችም፣ ለእኔ ያም ጥሩ ምልክት ነው። አምፕዋም ቀለል ስላለች ታክሲ ላይ ስጭናት ወገቤ አያማርርም።

የድሮውን ስፒከር መርካቶ ላሉት ጋሼ ሰጠኋቸው። ብረቱና ማግኔቱ ደህና ስለሆነ ኮይሉን ጠቅልለው፣ የዎፈር ወረቀታቸውን አልብሰው ለአንድ ሰው የኪቦርድ ሳጥን ውስጥ ሊያስገቡት ነው። ለኪቦርድ ይሆናል ብለዋል።