አንድ ደቂቃ ብቻ ነው!

ትምህርት ቤት በር ላይ ጠዋት ጠዋት የማትጠፋ አንዲት አባባል አለች። «አንድ ደቂቃ ብቻ ነው!» አባት ይላታል፣ እናት ትላታለች፣ የሰርቪሱ ሹፌርም ይላታል። ሰውየው ዜብራው ላይ ቆሟል፣ አራቱንም ፍሬቻ አብርቷል፣ አንድ እግሩ መሬት ላይ ሌላው መኪናው ውስጥ ነው፣ እጁን ደግሞ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ወደ ላይ አንስቷል። ምን ትሉታላችሁ? እውነቱን እኮ ነው። ሰዓት ቢያዝበት ደቂቃም ላይሞላ ይችላል።

እኔ ከደቂቃዋ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከቦታዋ ጋር ነው። ዜብራ ላይ ለአሥር ሰከንድ የቆመ መኪና፣ ራቅ ብሎ ደህና ቦታ ይዞ ግማሽ ቀን ከቆመ መኪና የባሰ ነው። ያኛው ማንንም አይከልልም። ይሄኛው ግን በእነዚያ አሥር ሰከንዶች ውስጥ መንገድ ሊሻገር የወጣን ልጅ ከሚመጣው ሹፌር ይደብቀዋል። በየጠዋቱ ስንጨቃጨቅ የምናወራው ስለ ጊዜ ነው፤ ማን ብዙ ቆመ፣ ማን ቶሎ ሄደ። የት ቆመ የሚለው ላይ ማንም አይደርስም።

ሕጉ ግን ደርሶበታል። እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የተፈረመውና ብዙ አገሮች የተቀበሉት የመንገድ ትራፊክ ስምምነት፣ ሰው ለማውረድና ለመጫን ብቻ የሚደረግን አጭር መቆም ከፓርኪንግ ለይቶ ያየዋል። ስለዚህ «ፓርክ አላደረግኩም፣ ልጅ እያወረድኩ ነው» የሚለው ሰው ዝም ብሎ አይደለም የሚናገረው፤ ግማሽ እውነት ይዟል። የረሳት ሌላኛዋ ግማሽ አለች። ያው ስምምነት የእግረኛ ማቋረጫ ላይ፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ፣ ወደፊት በደንብ በማያሳይ ኩርባ ላይና ዳገት ጫፍ አካባቢ ሁለቱንም ይከለክላል። ልጅ ማውረድም ሆነ ፓርክ ማድረግ እዚያ ቦታ ላይ አንድ ናቸው። ከማቋረጫው ስንት ሜትር ይራቅ የሚለው ከአገር አገር ይለያያል፣ ምክንያቱ ግን የትም ያው ነው፤ እይታ አትከልክል ነው የሚለው።

እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ትምህርት ቤት በር ላይ አስፋልቱን በቢጫ ዚግዛግ መስመር ያሰምሩታል። የክልከላ ምልክቱ አብሮ ከተተከለ እዚያ መስመር ላይ መቆም አይቻልም፣ ሰው ለማውረድም ሆነ ለመጫን እንኳን አይቻልም ብሎ የመንገድ ደንባቸው ለይቶ ጽፎታል። ይቺን ባነበብኩ ቁጥር ፈገግ እላለሁ። ደንቡን ያረቀቀው ሰውዬ ራሱ ጠዋት ጠዋት ልጅ ያደርስ የነበረ ይመስለኛል፤ ሰበቡን ቀድሞ ያውቀዋላ!

እስኪ አንድ ቀን ልጆቹ ከገቡ በኋላ ሁለት የቆሙ መኪኖች መሃል ቁጭ በሉና መንገዱን ለማየት ሞክሩ። ብረት ነው የምታዩት። የሰባት ዓመት ልጅ ዓይን ከተራ የቤት መኪና ኮፈን ትንሽ ከፍ ይላል፣ ከትልልቆቹ ፒክአፖች ኮፈን ግን በታች ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልጁ የሚመጣውን መኪና ለማየት መጀመሪያ ራሱን አስፋልቱ ላይ ማውጣት አለበት። ሹፌሩም ልጁን የሚያየው ያኔ ነው። ሁለቱ በአንድ ቅጽበት ይገናኛሉ፣ ከዚያ በኋላ ያለው የፍሬን ጉዳይ ነው።

ፍሬኑን ደግሞ እናስላው፣ ሒሳቡ ከባድ አይደለም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 14 ሜትር ይሄዳል። በ30 የሚነዳው ከ8 ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ሹፌሩ አይቶ፣ ደንግጦ፣ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ይፈጃል እንበል። አስፋልቱ ደረቅ ፍሬኑም ደህና ከሆነ በ30 የሚመጣው 13 ወይም 14 ሜትር ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በ50 የሚመጣው እዚያችው 14ኛዋ ሜትር ላይ ሲደርስ ገና እግሩ ፍሬኑን መንካቱ ነው፤ ፍጥነቱ ከ50 ምንም አልቀነሰም። እ.ኤ.አ. በ2020 ስቶክሆልም ላይ በመንገድ ደኅንነት ጉዳይ የመከረው የሚኒስትሮች ጉባኤ እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነት ከ30 እንዳይበልጥ ያሳሰበው በከንቱ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉ ልጆችንና ወጣቶችን በመግደል ቀዳሚው የመንገድ አደጋ ነው። አምስት ዓመት ማለት ትምህርት ቤት የሚጀመርበት ዕድሜ ነው።

«ልጄ እኮ መንገድ ግራና ቀኝ አይቶ መሻገር ያውቃል» የሚል ወላጅ ብዙ ነው። ያውቅ ይሆናል፣ ቃሉንም ይደግመዋል። ማየትና መገመት ግን ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የለንደን ሮያል ሆሎዌይ ተመራማሪዎች ጥናት የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎችን ፈትኖ ነበር። በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ የሚመጣ መኪና ወደ እነሱ እየቀረበ መሆኑን ልጆቹ በአስተማማኝ ሁኔታ መለየት አልቻሉም። ልጁ ባለጌ ስለሆነ ወይም ስላልሰማ አይደለም፤ ዓይኑና አእምሮው ገና እዚያ አልደረሱም። ይህን ካነበብኩ ወዲህ «ተጠንቀቅ» የምትለዋን ምክር መስጠት ባልተውም ብዙም አልመካባትም።

አሁን የሚያስጨንቀኝን ልንገራችሁ፤ ደጉ ሹፌር ነው። ክፉውን ሁሉም ያየዋል፣ ልጁም ያየዋል፣ ይጠነቀቀዋል። ደጉ ግን ዜብራ በሌለበት መሃል መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ፈገግ ብሎ፣ ልጁን በእጁ «እለፍ፣ እለፍ» ይለዋል። ልጁ ትልቅ ሰው ስላዘዘው ይሮጣል፣ ግራ ቀኙን አያይም፣ ምክንያቱም ተፈቅዶልኛል ብሎ ነው። በሌላኛው መስመር የሚመጣው መኪና ግን ምንም አልፈቀደለትም። ከኋላ ያለው ሞተረኛም ይሄ ሰውዬ ለምን ቆመ ብሎ በጎን ሊያልፍ ይችላል። በእጅ ምልክት መፍቀድ የምንችለው በራሳችን መኪና ፊት ብቻ ነው፣ የሌላውን መንገድ ግን እንደ ራሳችን እናድለዋለን። ከማቋረጫ ፊት የቆመ መኪናን ዝም ብሎ አልፎ መሄድ ክልክል የሆነውም ለዚህ ነው፤ የቪየናው ስምምነት አልፈህ ከሄድክ ወዲያው መቆም በምትችልበት ዝግታ ይሁን ይላል። ደግ መሆን የፈለገ ሰው ማቋረጫው ጋ ቀድሞ ፍጥነት ቀንሶ፣ ራቅ ብሎ ይቁምና ልጁ ራሱ እንዲወስን ጊዜ ይስጠው። እጁንም መሪው ላይ ይተወው።

ስለ አራቱ ፍሬቻ አንድ ነገር ልበልና ልለፈው። ያንን ቁልፍ ሲጫኑት ክልክል ቦታን የሚፈቅድ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። አይፈቅድም። ጭራሽ አራቱም ሲበሩ ወደ መንገድ ልትወጣ ስትል ወደየት እንደምታጥፍ ማንም አያውቅልህም፤ ብልጭ ድርግሙ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው።

በሩ ፊት ያለው ሰልፍ ደግሞ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። ሁሉም ልክ በሩ ላይ ማቆም ይፈልጋል፣ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ማለፍ እንደ ሽንፈት ይቆጠራል። ፊት ለፊቱ የአራት መኪና ባዶ ቦታ እያለ በሩ ላይ ይቆማል፣ ከኋላው ያለው ሰልፍ እስከ መስቀለኛው ይዘልቃል። ከዚያ የጫማ ማሰሪያ ይታሰራል። ከዚያ ቦርሳው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ መሆኑ ይታወሳል። ከዚያ የቤት ሥራ ደብተር ላይ ፊርማ! እያንዳንዱ መኪና ከሚገባው በላይ ሠላሳ ሰከንድ ብቻ ቢጨምር፣ አርባ መኪና ተራ በተራ የሚያወርድበት ሰልፍ ላይ ሃያ ደቂቃ ይሆናል። ከኋላ ያለው ሰውዬ ታዲያ ልጁን ለማስረፈድ ስለማይፈልግ ምን ያደርጋል? ከሰልፉ ይወጣና ሁለተኛ ረድፍ ሠርቶ መሃል አስፋልት ላይ ያወርዳል። እሱን እንሰድበዋለን። ጫማ አሳሪውን ማንም አይናገረውም።

እኛ ቤት አሁን ጫማውም ፊርማውም ከቤት ሳንወጣ ያልቃል፣ ቦርሳው ልጁ እግር ሥር ይቀመጣል። ልጁ የሚቀመጠው በእግረኛ መንገዱ በኩል ባለው በር ነው፣ የሚወርደውም በዚያው ብቻ ነው። በሩን ደግሞ ከበሩ ራቅ ባለው እጁ ነው የሚከፍተው። ሆላንድ አገር የለመዱት ዘዴ ነው ይባላል። በራቀው እጅ ሲከፈት ሰውነት በራሱ ይዞራል፣ ዓይን ወደ ኋላ ያያል፣ ብስክሌት ወይም ሞተር እየመጣ ከሆነ ይታያል። መጀመሪያ ልጄ እንደ ጨዋታ ነበር የያዘው፤ አሁን እኔን ያርመኛል።

ኋላ ማርሽ የሚያስገቡትን ግን እለምናለሁ። ትምህርት ቤት በር ላይ ወደ ኋላ አትሂዱ። ስፖኪዮ ከመኪናው ኋላ ተጠግቶ የሚያልፈውን አጭር ልጅ አያሳይም፣ ካሜራውም በዝናብና በጭቃ ይሸፈናል። ዞሮ መምጣት ደስ አይልም፣ አውቃለሁ፣ ቢሆንም ዙሩ።

አሜሪካኖች ይህን ነገር በአንድ መንገድ ቀለል አድርገውታል። ቢጫው የተማሪዎች አውቶቡስ ቆሞ ቀይ መብራቱን ሲያበራና የጎን ምልክቱን ሲዘረጋ፣ በመሃል አካፋይ በሌለው መንገድ ላይ ከኋላ የሚመጣውም ከፊት የሚመጣውም ይቆማል። ክርክር የለም፣ የእጅ ምልክትም የለም። ቢጫው ቀለም ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1939ኙ የኒው ዮርክ ስብሰባ ወዲህ የቆየ ነው፤ ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ጎልቶ ስለሚታይ ነው የመረጡት። እኔን የሚያስቀናኝ ግን ቀለሙ አይደለም። ሁሉም ሹፌር ያ መብራት ሲበራ ምን እንደሚጠበቅበት ማወቁ ነው።

ሌላ መንገድም አለ። ጣልያን ውስጥ የቦልዛኖ ከተማ ትምህርት ቤት ያለበትን መንገድ በመግቢያና በመውጫ ሰዓት ለመኪና መዝጋት ጀመረች፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ። ኋላ ለንደንም ፓሪስም ተቀበሉት። ሐሳቡን ስሰማ የመጀመሪያ ጥያቄዬ መኪኖቹ የት ይሄዳሉ የሚል ነበር። መልሱ ቀላል ነው፤ ትንሽ ራቅ ብለው ያቆማሉ፣ የቀረው በእግር ይኬዳል። እኔ መንገዱ እስኪዘጋልኝ አልጠበቅኩም። አምስት ደቂቃ የሚያስኬድ ቦታ ላይ አቆምና አብረን እንሄዳለን። ልጄ በመኪና ውስጥ የማይነግረኝን ወሬ ሁሉ የሚነግረኝ በዚያች መንገድ ላይ ነው። ለሁሉም ይሆናል አልልም። ጨቅላ የያዘች እናት አለች፣ መራመድ የሚከብደው ልጅ ያለው አባት አለ፣ ሥራ የሚረፍድበት አለ። እንዲያውም የምንችለው ራቅ ብለን ብንቆም በሩ ጋ ያለው ቦታ ለእነሱ ይተርፍ ነበር።

የከሰዓቱ ከጠዋቱ ይከፋል። ጠዋት ልጁ መኪና ውስጥ ነው፣ ቢያንስ የት እንዳለ ታውቃላችሁ። ከሰዓት ግን ልጁ ውጭ ነው፣ ደክሞታል፣ ርቦታል፣ ዓይኑ የሚፈልገው አንድ መኪና ብቻ ነው። ወላጁ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ መስኮት ዝቅ አድርጎ በስሙ ይጠራዋል። «ና! እዚህ ነኝ!» ወይ ክላክስ ያደርጋል። ልጁ ድምፁን ሲሰማ መንገድ የሚባል ነገር ይጠፋበታል፣ ቀጥታ ይሮጣል። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። እኛ ተስማምተናል፤ እሱ ከበሩ አይነቃነቅም፣ የምሻገረው እኔ ነኝ። መኪናዬን ቢያየውም እንኳን ይጠብቃል። ብዘገይም ይጠብቃል።

ይህንኑ ለጥቂት ወላጆች ነገርኳቸው። ማንም ልጁን ከማዶ አይጥራ፣ ሄዶ ያምጣው ብዬ። አብዛኞቹ እሺ አሉ፣ እሺ ካሉት ውስጥም የሚያደርጉት አሉ። አንድ አባት ብቻ ሳቅ ብሎ «እህቴ፣ የኔ ልጅ እኮ ትልቅ ሰው ነው» አለኝ።

ስንት ዓመቱ ነው አልኩት።

«ስምንት ሊሞላው ነው።»

የለንደኑን ጥናት ላኩለት። አንብቦት እንደሆነ አልነገረኝም፣ ትናንት ግን ከመኪናው ወርዶ ሲሻገር አይቼዋለሁ፤ ስልክ እያወራ።