ግራ፣ አሁንም ግራ፦ ኦልድ ኮርስን ከመቶ ምት በታች የጨረስኩበት መንገድ

ስኮትላንድ፣ ሴንት አንድሩስ፣ ኦልድ ኮርስ የሚባለው የጎልፍ ሜዳ ላይ መጀመሪያ የተጫወትኩ ቀን 118 ምት ፈጀብኝ። በዓመቱ ተመልሼ በ97 ጨረስኩ። በመሀሉ የኳስ አመታቴ አልተሻሻለም። ዱላዎቼ እነዚያው አሮጌዎቹ ናቸው፣ የችሎታ መለኪያ ቁጥሬ፣ ሃንዲካፔም፣ እዚያው 25 አካባቢ ነው። የተለወጠው ኳሷን የምልክበት አቅጣጫ ነው።

ሜዳው የሕዝብ ነው፤ እንደኔ ዓይነቱም ይጫወትበታል። አንዱ መንገድ ከሁለት ቀን በፊት ስም አስገብቶ ዕጣ መጠበቅ ነው። ዕቁብ ስጠብቅ እንኳ እንዲያ ልቤ ተንጠልጥሎ አያውቅም። እሑድ ለጎልፍ ዝግ ስለሆነ የከተማው ሰው ውሻውን ይዞ ይንሸራሸርበታል። ጓደኛዬ “ሰንበት የሚያከብር ሜዳ” ይለዋል።

የመጀመሪያው ቀን ጉዴ 14ኛው ሆል ላይ ነው፤ ሆል ማለት ከመነሻው ኳሷ እስከምትገባበት ጉድጓድ ያለው የሜዳው ክፍል ነው። ሣሩ በታጨደው መንገድ፣ በፌርዌዩ፣ መሀል “ሄል” የሚባል ባንከር አለ፤ ሲኦል ማለት ነው። አሸዋ የሞላበት ሰፊ ጉድጓድ ሲሆን የፊት ግድግዳው ከቁመቴ በላይ ነው። ኳሴ ግድግዳው ሥር ተለጥፋ አገኘኋት። መታኋት፤ ሣሩን ነክታ ተመልሳ እግሬ ሥር አረፈች። ደገምኩ፣ ያው። ሦስተኛው ላይ አሸዋው አፌ ውስጥ ገባ። ጓደኛዬ ከላይ ጠርዙ ላይ ቆሞ “አንተ፣ እራትህን እዚያው ላምጣልህ?” ይለኛል። ስቆጣ ደግሞ “በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ” ብሎ ተረተብኝ። በአምስተኛው ወደ ኋላ መትቼ ወጣሁ። ካርዴ ላይ 11 ጻፍኩ። ታላቁ ጃክ ኒክላውስ እ.ኤ.አ. በ1995 በኦፕን ሻምፒዮና እዚያው ባንከር ገብቶ ይህን ሆል በ10 ነው የጨረሰው። በአንድ ምት ብቻ በለጠኝ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ካርዱን ሳሰላ ሰባት ጊዜ ባንከር ገብቻለሁ፤ ለመውጣት ብቻ 19 ምት ከፍያለሁ። ሜዳው ላይ 112 ባንከር አለ። ታይገር ዉድስ እ.ኤ.አ. በ2000 ኦፕንን እዚህ ሲያሸንፍ በአራቱ ቀን አንዱም ውስጥ አልገባም፤ ከፓር፣ ማለትም ለጥሩ ተጫዋች ከተመደበው የምት ብዛት፣ በ19 በታች ጨረሰ። እኔ ታይገር አይደለሁም፤ ግን የእሱን ያህል ርቀት መምታት ባልችልም ባንከርን መሸሽ እችላለሁ ብዬ አሰብኩ።

መሸሻውን በዚያው ቀን የነገሩኝ አብረውን ለተመደቡት ሁለት ተጫዋቾች ዱላ የያዙ ሽማግሌ ካዲ ናቸው። 16ኛው ላይ ስቁነጠነጥ አይተው “ልጄ፣ ግራ ምታ። ስትፈራም ግራ፣ ሳትፈራም ግራ” አሉኝ። በጊዜው አልሰማኋቸውም። “ፕሪንሲፓልስ ኖዝ” የሚባሉት ሦስት ባንከሮች ውስጥ ገባሁና ገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሜዳው ጫፉ እንደቆለመመ የእረኛ በትር ነው። ሄዶ፣ ዞሮ፣ በሄደበት ጎን ይመለሳል። ስትሄድ በግራህ ያለው የሚመለሱት ሰዎች ፌርዌይ ነው፤ ስትመለስም በግራህ የሚሄዱት አለ። በቀኝህ ግን በአብዛኛው እሾሃማ ቁጥቋጦ ወይም ከሜዳው ውጪ ነው። ስለዚህ ግራ የሄደች ኳስ አትጠፋም። ዋጋው፣ ከግራ ስትመጣ ወደ ባንዲራው የሚወስደው መስመር መጥፎ መሆኑ ነው፤ ባንከሮቹ ፊትህ ይደረደራሉ። ባለሙያዎቹ ደፍረው ወደ ቀኝ የሚጠጉት ለዚያ ነው። እኔ ግን ባንዲራው የተተከለበትን አጭር ሣር፣ ግሪኑን፣ በሁለት ምት ስለማልደርስበት መስመሩ ለኔ ምኔም አይደለም። ለእያንዳንዱ ሆል በልቤ አንድ አንድ ምት ጨምሬ፣ ፓር 4 የተባለውን 5 ነው ብዬ ገባሁ።

ሁለተኛው ነገር ፐተር ነው፤ ኳሷን መሬት ለመሬት የሚገፋው ዱላ። ሰባቱ ግሪኖች ጥንድ ናቸው፤ አንዱን ግሪን ሁለት ሆል ይጋራዋል፣ የሚጋሩት ቁጥሮች ሲደመሩ ሁልጊዜ 18 ይሆናል፦ 2 ከ16፣ 5 ከ13። ስትሄድ ነጭ ባንዲራ፣ ስትመለስ ቀይ። ግሪን ላይ ደረስኩ ብለህ ባንዲራህ ሃምሳ እርምጃ ርቆ ይቀራል። ስለዚህ ኤድንብራ ብረንትስፊልድ ሊንክስ የሚባለው ፓርክ ያለው ነፃ ሜዳ ላይ ክረምቱን ሙሉ ሩቅ ሩቁን ብቻ በፐተር ስገፋ ከረምኩ። ሰው ያየኝ “ይህ ሰውዬ ሌላ ዱላ የለውም እንዴ?” ሳይል አልቀረም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቀን። 1ኛው ሆል ከ18ኛው ጋር አንድ ፌርዌይ ይጋራል፤ ሰፊ ነው፣ ባንከር የለበትም። ያለው ስዊልከን የሚባል ጅረት ነው፣ ልክ ግሪኑ አፍ ላይ። አምና እዚያ ሰጥሜያለሁ። ዘንድሮ ካሰብኩት ዱላ አንድ ደረጃ አርቆ የሚልክ ወስጄ ከባንዲራው ኋላ አሳረፍኳት። ከዚያ እስከ 10ኛው ግራ፣ ግራ፣ ግራ፤ የሚወራ ነገር የለውም፣ ደስ የሚለውም ያ ነው።

11ኛው አጭር ነው፣ ፓር 3፤ ግን ንፋሱ የኤደን ወንዝ ከባሕር ከሚጋጠምበት ይመጣል። ታዋቂው ጎልፍ ተጫዋች ቦቢ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1921 በወጣትነቱ እዚሁ “ሂል” ባንከር ውስጥ ተይዞ ኳሱን አንስቶ ውድድሩን ትቷል፤ ዛሬ ጎረቤቱ 10ኛው ሆል በስሙ ይጠራል። እኔ ሆን ብዬ ግሪኑ ሳይደርስ አስቀረሁና በፐተር አወጣኋት። 4።

12ኛው ላይ ከመነሻው፣ ከቲው፣ ስታይ ምንም የለም፣ ሣር ብቻ። አልፈህ ዞር ስትል ባንከሮቹ ያገጡብሃል። ድሮ ሜዳው በተቃራኒ አቅጣጫም ይጫወቱበት ስለነበር ከዚያ አቅጣጫ የሚታዩ ጉድጓዶች ናቸው። ወደ ግራ ጥግ መትቼ አለፍኳቸው። 14ኛውን በ5ኛው ሆል ፌርዌይ ዞሬ፣ ሲኦልን ከሩቅ እያየሁ፣ በ7።

17ኛው፣ ሮድ ሆል፣ አያስቅም። ከግሪኑ ኋላ አስፋልትና ግንብ፣ ከፊቱ በግራ ጥልቅ ባንከር። ጃፓናዊው ጎልፍ ተጫዋች ቶሚ ናካጂማ እ.ኤ.አ. በ1978 በሁለት ምት ግሪን ላይ ደርሶ፣ በፐተር ሲገፋት ባንከሩ ውስጥ ተንከባልላ ገባችበትና በ9 ወጣ። እዚህ ብቻ የካዲውን ምክር ገለበጥኩት፤ በሦስት ምት ከግሪኑ በፊት ቀኝ በኩል ቆምኩ፣ በአራተኛው ወጣሁ፣ ሁለት ፐት። 6 ስጽፍ ጓደኛዬ ባንከሩ ውስጥ ነበር። እራት ላምጣልህ ወይ አልኩት።

18ኛው ላይ ኳሴ “ቫሊ ኦፍ ሲን” የሚባለው፣ ግሪኑ ፊት ያለው ጎድጓዳ ውስጥ ቀረች። ፐተር መዘዝኩ። ወጣች፣ አፋፉ ላይ አሰበች፣ ተመልሳ እግሬ ሥር መጣች። አጥሩን ተደግፈው የሚያዩ ቱሪስቶች “ኦህ” አሉ። እንደገና ገፋኋት፤ ይህኛው ጊዜ ወጥታ ቀረች።