ነብሩን በጠራራ ፀሐይ ያስኬድኩት እኔ ነኝ

የዱር እንስሳ ፎቶ አነሳለሁ ስል ሰው የሚታየው በሆዱ ተኝቶ ረጅም ሌንስ የደገነ ጀብደኛ ነው። እኔም ያንን አምኜ የሁለት ዓመት ቁጠባዬን ሌንስ ላይ ጨረስኩ። ለነብር ምንም አልጠቀመኝም። ባሌ ውስጥ ከሳነቴ አምባ ወደ ዶሎ መና ሲወረድ ያለው የሐረና ጫካ ጥቅጥቅ ያለና ጭጋጋማ ነው፤ ነብሩ ያያችኋል እንጂ አታዩትም። ሥራው የሚሠራው ዛፍ ላይ ታስሮ፣ ሙቀት ያለው ነገር ሲንቀሳቀስ ራሱ በሚያነሳ ካሜራ ነው።

እንዴት ገባሁበት? ባዮሎጂ ተማርኩ፣ በነፃ አገለገልኩ፣ አንድ የነብር ጥናት ላይ ረዳት ሆንኩ። ደብዳቤውን፣ ማህተሙን፣ «ነገ ተመለስ»ን ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። 12 ካሜራ ነበረን፤ በ6 ቦታ፣ ሁለት ሁለቱን ፊት ለፊት አሰርን። የነብር የግራና የቀኝ ጎን ነጠብጣብ አይመሳሰልም። ሁለቱም ጎን ካልተነሳ አንዱ ነብር ሁለት ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። ይህን አውቅ ነበር፤ ተጠንቅቄም ሠራሁ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቦታዎች ካሜራ ሰዓት የሞላሁት ከስልኬ አይቼ ነው። ከዚያ ስልኬ ባትሪ ዘጋ። የቀሩትን ከእጅ ሰዓቴ እያየሁ ሞላሁ። የእጅ ሰዓቴ የሚቆጥረው በሐበሻ ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ስለነበር 04:00 ብዬ ጻፍኩ። በቃ፣ ይኸው ነው ጥፋቱ።

ካርዶቹን ስናወጣ ነብሩ 13:40 ላይ ሲያልፍ ተገኘ። ከቀኑ 7 ሰዓት ከ40 መሆኑ ነው! አብሮኝ የነበረው ስካውት፣ የዱር እንስሳት ጠባቂው፣ ፎቶውን አየት አደረገና «ወንድሜ፣ እዚሁ ተወልጄ ነው ያደግኩት። ነብር በዚህ ሰዓት መንገድ ላይ ሲንጎራደድ አላየሁም» አለኝ።

«ካሜራ አይዋሽም» አልኩት።

ፎቶው እኮ ጥቁርና ነጭ ነበር! ካሜራው እንደዚያ የሚያነሳው ሲጨልምበት ነው። «ጭጋግ ይሆናል» ብዬ አለፍኩት። ከዚያም አልፌ፣ ነብሩ ጅብ ሽሽት በቀን መሄድ እንደጀመረ ሁለት ገጽ ትንታኔ ጻፍኩ። አለቆቼ በጣም ወደዱት።

ከሳምንታት በኋላ የቀሩትን ፎቶዎች ስለይ አንድ ድኩላ አየሁ። ቀይ ቡናማ ፀጉሩ በፀሐይ ያበራል። ከሥሩ 01:30 ይላል። ሌሊት ላይ ፀሐይ! ወንበሬ ላይ ቀረሁ።

ማስተካከያ ጽፌ ሮጥኩ። «ሪፖርቱ ሄዷል፤ አሁን ምን አስነካካህ?» ተባልኩ። ስድስት ሰዓት መደመር ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው! ሁለተኛ ደብዳቤም ጻፍኩ፤ መልስ የለም።

ስለዚህ ሌንሱን ተዉት። ካሜራ ስታስሩ መጀመሪያ ወረቀት ይዛችሁ ራሳችሁን አንሱ፤ ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፋችሁ። በሥልጠና ላይ የሰው ሽታ እንዳይረብሽ ለአንድ ወር አትመለሱ ይባላል። እኔ አልስማማም። በአምስተኛው ቀን ሂዱና ካርዱን እዩ። ሽታው ይጠፋል፤ የተበላሸ ወር ግን አይመለስም።

ከስካውቱ ጋር ዛሬም እንሠራለን። ካሜራ ባሰርን ቁጥር ገመዱን እየሳበ «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» ይለኛል።