ኪው፣ ቪ፣ ኤክስ ያለበትን የእንግሊዝኛ ቃል ፈልጎ ማግኘት

«ኬ እና ኤን ያሉበት ባለ አምስት ፊደል ቃል አምጡ» ዓይነት ጥያቄ ለእንግሊዝኛ ክበብም ሆነ ለሚኒ ሚዲያ ጥያቄና መልስ ይመቻል። ደብረ ማርቆስም ይሁን ሞጣ፣ ሰሌዳና ጠመኔ ካለ ሌላ ወጪ የለውም። ችግሩ አብዛኛው ተማሪ ቃሉን የሚፈልገው በጆሮው መሆኑ ነው። የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ ቢላዋ የሆነው «ናይፍ» በእኛ ሦስት ሆሄ ነው፤ በእንግሊዝኛው ግን ኬ-ኤን-አይ-ኤፍ-ኢ፣ አምስት። ከአምስቱ ኬ እና የመጨረሻዋ ኢ ጭራሽ አይሰሙም። በድምፅ የሚፈልግ ሰው ኤን ላይ ሲያገላብጥ ይውላል።

የፊደላቱ ስምም ያሳስታል። ጠያቂው «ኢ» ሲል አማርኛ የለመደ እጅ «አይ»ን ይጽፋል፤ ጂ እና ጄም ይምታታሉ። ሰሌዳ ላይ በትልቁ መጻፍ ይበልጣል። በማይክራፎን ብቻ ከሆነ «ኢ፣ ኢትዮጵያ የሚጀምርባት»፣ «አይ፣ ኢንተርኔት የሚጀምርባት» ብሎ መለየት ያስፈልጋል።

የወረቀት መዝገበ ቃላት የሚያገለግለው የቃሉ መጀመሪያ ሲታወቅ ነው። በኬ-ኤን የሚጀምሩት እነ ኒ፣ ኒል፣ ናይፍ፣ ኒት፣ ኖክ፣ ኖት፣ ኖው ተከታትለው ስለተቀመጡ ገጹን ያገኘ ሁሉንም ያገኛል። ፊደሉ መሐል ወይም መጨረሻ ላይ ሲሆን ግን መዝገበ ቃላቱን ከዳር እስከ ዳር ማገላበጥ ድካም ብቻ ነው። ያኔ ሰረዞች ይሰመሩና የታወቁት ፊደላት በቦታቸው ይገባሉ፤ ፍለጋው የሚጀመረውም ከብርቅየው ፊደል ነው።

የትኛው ብርቅ እንደሆነ ለማወቅ ፊደል በተጻፈባቸው ጠጠሮች ቃል የሚሠራበት የስክራብል ጨዋታ ጥሩ መለኪያ ነው። በእንግሊዝኛው 100 ጠጠር ውስጥ ኢ 12 ጊዜ ትገኛለች፤ ኬ፣ ጄ፣ ኤክስ፣ ኪው እና ዜድ ግን አንድ አንድ ብቻ ናቸው። ብርቅየ ፊደል መቀመጫው ውስን ስለሆነ ለፈላጊው ይጠቅመዋል። ቪ ቃል መጨረሻ ላይ መቆም አትወድም፤ ሃቭ፣ ጊቭ፣ ላቭ ሁሉም ኢ የተቀጠለባቸው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከመጨረሻው በፊት ያለው ፊደል ቪ ከሆነ የመጨረሻውን ባዶ በኢ ሞልቶ መሞከር ነው። ኤክስ መጀመሪያ ላይ እምብዛም አትገኝም፤ ብዙ ጊዜ ወይ እንደ ቦክስ፣ ታክስ፣ ሲክስ መጨረሻ ላይ ናት፣ ወይ እንደ ኤግዛም እና ኤግዚት ከኢ ቀጥላ ትመጣለች። ኪው ካለ ዩ ይከተላል የሚለው ደንብ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል፤ ግን «ቃት» የሚባለው ቃል፣ ያው ጫት ማለት ነው፣ ኪው-ኤ-ቲ ተብሎ ይጻፋል። ጥያቄ አዘጋጁ ይህን ካላወቀ ትክክለኛ መልስ ያመጣውን ልጅ ያስቀምጠዋል።

ኮምፒውተር ሲኖር ሥራው ይቀላል። 170 ሺህ ገደማ ቃላት የያዘ ተራ የጽሑፍ ፋይል 2 ሜጋባይት አካባቢ ስለሆነ በቴሌግራም አንዴ ከተላከ በኋላ ዳታም አይፈልግም። ኤክሴል ላይ በአንድ አምድ ይለጠፍና ፊልተር ይደረግበታል። የጥያቄ ምልክት አንድ ፊደልን ይተካል፤ ኮከብ ምልክት የፈለገውን ያህል ፊደል። ኬ፣ ሦስት የጥያቄ ምልክት፣ ከዚያ ኢ ተጽፎ «ኢኳልስ» (እኩል ነው) ሲባል ናይፍን የመሳሰሉ ባለ አምስት ፊደሎች ብቻ ይወጣሉ። ይኸው ጽሑፍ በ«ፋይንድ» መስኮት ከተፈለገ ግን ረጃጅም ቃላትም ይግተለተላሉ፤ ምክንያቱም ፋይንድ፣ ሙሉ ሕዋሱን አዛምድ የምትለው ሳጥን ካልተመረጠች፣ ከቃሉ ቁራጭ ጋርም ያዛምዳል።

ቅደም ተከተል ሳይጠበቅ «ኤ፣ ኢ፣ አር፣ ቲ ሁሉም ያሉበት» ሲባል አራቱን አከታትሎ መጻፍ አይሠራም፤ ኮምፒውተሩ አጠገብ ለአጠገብ የተደረደሩትን ብቻ ነው የሚያየው። እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው በ«ኮንቴይንስ» (ይዟል) ይጠየቃል። አንድ አምድ የሚቀበለው ሁለት ቅድመ ሁኔታ ብቻ ነው፤ ሦስተኛው ሲጨመር የቀድሞው ይሰረዛል። ስለዚህ የመጀመሪያው ውጤት ወደ ሌላ ሺት ተቀድቶ ቀሪዎቹ ሁለቱ እዚያ ይጣራሉ። ሁለት ኢ ያለበት ቃል ሲፈለግ ደግሞ ኢን ሁለቴ መጠየቅ ምንም አይጨምርም፤ አንዷ ኢ ሁለቱንም ጥያቄ ታሟላለች። መጻፍ ያለበት ኢ፣ ኮከብ፣ ኢ ነው።

ምንም ካልወጣ መጀመሪያ የሚታየው ኪቦርዱ ነው። ፓወር ግዕዝ በተጫነበት ማሽን የአማርኛው አጻጻፍ ሳይጠፋ ከቀረ የተጻፈው ሁሉ የአማርኛ ፊደል ይሆንና ዝርዝሩ ውስጥ አይገኝም።

ዳኝነቱ ላይ ጭቅጭቅ እንዳይነሳ ከውድድሩ በፊት የሚነገሩ ነገሮች አሉ፦ በየትኛው መዝገበ ቃላት እንደሚፈረድ፣ የሰውና የአገር ስም መቆጠር አለመቆጠሩ (ኢራቅ በኪው ያልቃል፣ ግን የአገር ስም ነው)፣ የብዙ ቁጥር ኤስ መፈቀዱ፣ «ከለር» የብሪታንያውን ዩ ይዞም ሆነ ሳይይዝ መቆጠሩ። አዘጋጁም ያወጣውን ጥያቄ ራሱ አስቀድሞ ይፈትሸው። «በጂ-አር-ዋይ የሚያልቁ ሦስት ቃላት» የሚል ጥያቄ በየቦታው ይዞራል፤ ከአንግሪ እና ከሃንግሪ ሌላ በዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ ሦስተኛ ስለሌለ «ሁለት ቃላት» ተብሎ ይስተካከል።