የአኩሪ አተር ባክቴሪያ በእናት ጡት ወተት ውስጥ

ይህን የምጽፈው በተለይ የማይክሮባዮም (በአንድ የሰውነት ክፍል ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎችና ሌሎች ጥቃቅን ተሕዋስያን በጠቅላላ) ሥራ ለጀመራችሁ የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪዎች ነው። እኛ ላብ ውስጥ የሆነ ነገር ነው። የማንንም ስም አልጠራም፤ እንዲህ ያለው ነገር የትም ላብ ሊደርስ ይችላል።

አንድ ጎበዝ የፒኤችዲ ተማሪ አለን። የሚያጠናው የእናት ጡት ወተት ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች ነው። ጡታቸው አብጦ የታመመ፣ ሐኪሞች ማስታይቲስ የሚሉት የያዛቸው አጥቢ እናቶች በአንድ ወገን፣ ጤነኞቹ በሌላ ወገን። ጥያቄው ቀላል ነው። በሁለቱ ወተት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ይለያያሉ ወይ? እኔ የምሠራው ዳታ ትንተናውን ነው። ናሙና አልሰበስብም፣ ፒፔት ከያዝኩም ቆይቷል። ውጭ አገር ሲኩዌንስ ተደርጎ፣ ማለትም የባክቴሪያዎቹ ዲኤንኤ ተነብቦ፣ የሚመጣውን ፋይል ነው የምቀበለው።

ልጁ በጣም ለፍቷል። ከጤና ጣቢያ ጤና ጣቢያ ዞሮ፣ እናቶቹን አስረድቶና አስፈርሞ፣ ወተቱን በበረዶ ሳጥን ይዞ በሚኒባስ እያመላለሰ ነው የሰበሰበው። መብራት በጠፋ ቁጥር ማታ ማታ ጥበቃዎቹ ጋ እየደወለ ጄኔሬተሩ ተነሳ ወይ ይላል። ማይነስ 80 ፍሪዘሩ ከቀለጠ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

ፋይሉ መጣ። ግራፉን ሠራሁት። እያንዳንዷ ነጥብ አንዲት እናት ናት፤ ወተታቸው ውስጥ ተመሳሳይ ባክቴሪያ ያላቸው ይቀራረባሉ፣ የተለያየ ያላቸው ይራራቃሉ። የታመሙት በቀይ፣ ጤነኞቹ በሰማያዊ። ቀዩ አንድ ጥግ ሄዶ ተከማችቷል፣ ሰማያዊው ሌላ ጥግ። መሃሉ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ከሰው በተወሰደ ናሙና እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ሰው ከሰው በጣም ስለሚለያይ፣ በሽታው እውነተኛ ልዩነት ቢያመጣ እንኳን ነጥቦቹ ይደባለቃሉ።

ልጁ ፊቱ በራ። “ዶክተር፣ ይኸው! ይሄማ ትልቅ ጆርናል ነው የሚገባው!” አለ። ዋና አማካሪው ፕሮፌሰርም ደስ አላቸው። የውጭ ኮንፈረንስ አብስትራክት ማስገቢያ ቀኑ ተቃርቦ ስለነበር ቶሎ ይላክ ተባለ።

እኔ ግን መጀመሪያ ልዩነቱን ያመጡት ባክቴሪያዎች እነማን እንደሆኑ ማየት ፈለግኩ። ዝርዝሩን ከፈትኩት። ከላይ ራልስቶኒያ። ቀጥሎ ብራዲራይዞቢየም። ከዚያ ስፊንጎሞናስ፣ ሜቲሎባክቴሪየም። ስታፊሎኮከስና ስትሬፕቶኮከስ፣ ማለትም በጡት ወተት ውስጥ በብዛት የሚጠበቁት፣ ታች ወርደዋል።

ብራዲራይዞቢየም የአፈር ባክቴሪያ ነው። አኩሪ አተር ሥር ላይ እባጭ ሠርቶ ከአየር ናይትሮጅን ይይዛል። ራልስቶኒያ ደግሞ አንዱ ዝርያው ድንች የሚያጠወልገው ነው፤ ሌላው ዝርያው ላብ ውስጥ ለሥራ ተብሎ በተጣራ ውሃ ውስጥ ሳይቀር ይኖራል። እነዚህ እናት ጡት ውስጥ ምን ይሠራሉ?

ልጁ መልስ ነበረው። “እናቶቹ እኮ ገበሬዎች ናቸው፣ ዶክተር። ከአፈር ጋር ነው የሚውሉት። በቆሰለው ጡት በኩል ገብቶ ይሆናላ።” መላ ምቱ መጥፎ አይደለም። እኔን ያሳሰበኝም እሱ ነው። በዚህ ሙያ የትኛውንም የባክቴሪያ ዝርዝር ብትሰጠው፣ ጎበዝ ተማሪ አሳማኝ ምክንያት አያጣለትም። ጎበዝ በሆነ ቁጥር ደግሞ ምክንያቱ የበለጠ ያሳምናል።

“ባዶዎቹስ ምን አሳዩ?” አልኩት።

ባዶ የምንለው ወተት ያልገባበት ቱቦ ነው። ንጹህ ውሃ ብቻ ይጨመርበትና እንደ ሌሎቹ ናሙናዎች ዲኤንኤ ማውጫ ኪቱን (በሳጥን ተዘጋጅተው የሚመጡትን ፈሳሾችና ቱቦዎች)፣ ፒሲአሩን (ዲኤንኤውን የሚያባዛውን ሂደት)፣ ሲኩዌንሱን ሁሉ ያልፋል። ባዶው ውስጥ የተገኘ ነገር ከእናቲቱ አልመጣም፤ ከኪቱ፣ ከውሃው፣ ከእጃችን ወይም ከአየሩ ነው የመጣው።

ልጁ ዝም አለ። ሲኩዌንስ የሚከፈለው በናሙና ብዛት ነው፣ ያውም በዶላር። የጥናቱ ገንዘብ ትንሽ ነበር። ለውሃ ዶላር ከምንከፍል ጥቂት እናቶች እንጨምር ተብሎ ባዶዎቹ ከሚላኩት ዝርዝር ወጥተዋል። ይህን ውሳኔ በብዙ ቦታ አይቼዋለሁ። እጥረት ያመጣው ስለሆነ ይገባኛል፤ ግን በጣም ውድ ቁጠባ ነው።

ለምን ውድ እንደሆነ ላስረዳ። ሰገራ በአንድ ግራም 100 ቢሊዮን ገደማ ባክቴሪያ አለው። ኪቱ ውስጥ ትንሽ የባክቴሪያ ዲኤንኤ ቢኖር፣ መርካቶ መሃል አንድ ሰው እንደተናገረ ነው፤ ማንም አይሰማውም። የጤነኛ እናት ወተት ግን በአንድ ሚሊ ሊትር አንዳንዴ ከጥቂት ሺህ ባክቴሪያ አይበልጥም። እዚያ ውስጥ ኪቱ ይዞት የመጣው ዲኤንኤ ይጎላል፤ አንዳንዴም ዋናውን ናሙና ይበልጠዋል። “ስቴራይል” ተብሎ የተጻፈበት ኪት እኮ ሕያው ባክቴሪያ የለውም ማለት ነው እንጂ የሞተ ባክቴሪያ ዲኤንኤ የለውም ማለት አይደለም።

ይህ በ2014 በደንብ ታይቷል። የእንግሊዝ ተመራማሪዎች አንድ ዓይነት ሳልሞኔላ ብቻ ያለበት ፈሳሽ ደጋግመው እያቀጠኑ በየደረጃው ሲኩዌንስ አደረጉት። ፈሳሹ እየቀጠነ ሲሄድ ሳልሞኔላው እያነሰ፣ ኪቱ ውስጥ የነበሩት የአፈርና የውሃ ባክቴሪያዎች እየበዙ ሄዱ። እነዚሁ ሰዎች ታይላንድ ውስጥ ካለ የስደተኞች መጠለያ ከሕፃናት አፍንጫ የተወሰደ ናሙናም መረመሩ። ሕፃናቱ ሲያድጉ ባክቴሪያቸው የሚለወጥ ይመስል ነበር። ለካ ናሙናዎቹ የተሠሩት በተለያየ ሎት፣ ማለትም ፋብሪካው በተለያየ ዙር ባመረተው፣ ኪት ነበር፤ ከልዩነቱ ብዙው ከሎቱ የመጣ ሆኖ ተገኘ። ራልስቶኒያና ብራዲራይዞቢየም በዚያ ጽሑፍ የብክለት ዝርዝር ውስጥ በስም ተጠቅሰዋል።

ስለዚህ ላብ ወረድኩ፤ ጋሼ ጋ።

ጋሼ የምንላቸው አንጋፋው የላብራቶሪ ባለሙያችን ናቸው። ዲኤንኤውን ያወጡት እሳቸውና ልጁ አብረው ነው። “ጋሼ፣ የወተቱ ናሙና በየትኛው ሎት እንደተሠራ ይታወቃል?” አልኳቸው። መሳቢያቸውን ሳቡና ጠርዙ በፕላስተር የተጠገነ ትልቅ ደብተር አወጡ። አዲስ የኪት ሳጥን በከፈቱ ቁጥር ሎት ቁጥሩ ያለበትን ተለጣፊ ልጠው ገጹ አናት ላይ ይለጥፉታል። ከሥሩ በሰማያዊ እስክሪብቶ ቀኑ፣ የናሙናዎቹ ቁጥር፣ ማን እንደሠራው፣ መብራት የጠፋበት ሰዓት ሳይቀር አለ። ማንም ጻፉ ብሏቸው አይደለም።

ደብተሩ ሁሉንም ነገር ተናገረ። መጀመሪያ የተሰበሰቡት የታመሙት እናቶች ናቸው፤ እኩያ የሚሆኑ ጤነኞች የተፈለጉት በኋላ ነው። የታመሙት ናሙና ሲያልቅ ኪቱም አለቀ። አዲስ ታዘዘ። ፕሮፎርማ፣ የውጭ ምንዛሪ ጥበቃ፣ ጉምሩክ፤ እዚህ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ወራት አልፈው የመጣው ሳጥን ሎቱ ሌላ ነበር። ጤነኞቹ በሱ ተሠሩ።

አንድ ነገር ግን አተረፈን። ከመጀመሪያው ሳጥን ጫፍ ላይ ጥቂት ቱቦ ተርፎ ስለነበር፣ ቀድመው የመጡ ጥቂት ጤነኛ እናቶች በዚያ ተሠርተዋል። ጣቴን ደብተሩ ላይ አድርጌ ቁጥራቸውን አንድ በአንድ ጻፍኩና ወደ ኮምፒውተሬ ተመለስኩ። ግራፉን አሁን በሎት ቀለም ቀባሁት። እነዚያ ጥቂት ጤነኞች በሙሉ ከታመሙት መሃል ተቀምጠዋል። ከታመሙት ጋር የሚያገናኛቸው ሳጥኑ ብቻ ነው።

ልጁን ጠርቼ አሳየሁት። ነጥቦቹን ለረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ ተነስቶ ወጣ። በማግስቱም አልመጣም፣ ከዚያ በኋላም ለጥቂት ቀናት። አልፈረድኩበትም። የስኮላርሺፕ ጊዜው እያለቀ ነው፣ ለመመረቅ የታተመ ጽሑፍ ይጠበቅበታል፣ ቤተሰቡ መቼ ነው የምትጨርሰው ይለዋል። እዚህ አገር ፒኤችዲ የሚሠራ ሰው ምን ተሸክሞ እንደሚውል የሚያውቅ ያውቀዋል።

ፕሮፌሰሩ ቢሮ ሄድኩ። ደብተሩንና ሁለቱን ግራፎች አስቀመጥኩላቸው። “በስታቲስቲክስ ማስተካከል አይቻልም?” አሉ። አይቻልም፣ ፕሮፍ፣ አልኳቸው። በሽታውና ሎቱ አብረው ከሄዱ የትኛው የየትኛው ሥራ እንደሆነ የሚለይ ቀመር የለም። ብክለት የሚለዩ ፕሮግራሞች አሉ፤ በ2018 የወጣው ዲኮንታም ለምሳሌ ባዶዎቹንና የዲኤንኤውን መጠን አይቶ ይለያል። ግን ባዶዎቹ አልተላኩም፣ ናሙናዎቹም በሁለቱ ሎት እኩል አልተከፋፈሉም። ጥቂት ዝም ብለው “አብስትራክቱ አይላክ” አሉ። ክርክር አልነበረም። ብዙ ሰው እንዲህ እንደማያደርግ ስለማውቅ አክብሮቴ ጨመረ።

በዚህ መስክ እኮ ትላልቆቹም ተሳስተዋል። በ2014 አሜሪካ ውስጥ የእንግዴ ልጅ የራሱ ማይክሮባዮም አለው የሚል ጽሑፍ ወጥቶ ዓለም ተቀበለው። በ2019 ኬምብሪጅ ላይ ከ500 በላይ ሴቶች የታዩበት ጥናት ባዶዎቹን በጥንቃቄ ይዞ ሲያየው፣ የተገኘው ባክቴሪያ አብዛኛው ከኪቱና ከወሊዱ የመጣ ነበር። ልዩነቱ ግን እነሱ ጋ ስህተቱን የሚያርም ሌላ ብዙ ዳታ መኖሩ ነው። በ2022 በወጣ ቆጠራ፣ ከየት እንደመጡ ከታወቁት የሰው ማይክሮባዮም ናሙናዎች ከ71 በመቶ በላይ ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካና ከካናዳ ናቸው። የኢትዮጵያ እናቶች ወተት የተካተተበት ዓለም አቀፍ ጥናት አለ፤ ኢንስፓየር ይባላል፣ ከስምንት አገር እናቶች ናሙና ወስዷል። ግን እንዲህ ያሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እኛ የገበሬ እናቶች ወተት የአፈር ባክቴሪያ ሞልቶበታል ብለን ብናትም ማን ያርመናል? አንዲት እናት ወተትሽ ቆሽሿል ተብላ ልጇን ጡት ብታስጥልስ? ይህ ነገር እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር።

ልጁ ተመለሰ። ሲመለስ ዕቅድ ይዞ ነው የመጣው። ከእያንዳንዷ እናት ወተት ትንሽ ትርፍ ፍሪዘር ውስጥ ነበር። ሌላ ተቋም ያሉ የሙያ ጓደኞች አንድ ሎት የሆኑ ኪቶች አበደሩን። የታመሙትና ጤነኞቹ በዕጣ ተደባልቀው፣ በየዙሩ ባዶ ቱቦ ተጨምሮበት፣ እሱና ጋሼ ዲኤንኤውን እንደገና አወጡ። የድሮዎቹንም ባዶዎች ጋሼ ፍሪዘር ውስጥ አቆይተዋቸው ነበር። “ጣሉት ያለኝ የለም” አሉ። እነሱም አብረው ተላኩ።

ውጤቱ ሲመጣ የሁለቱ ጥግ ነገር የለም። ነጥቦቹ ተደባልቀዋል። ከታመሙት መሃል የአንዳንዶቹ ወተት ላይ ስታፊሎኮከስ በርትቷል፤ ሐኪሞች ከድሮ የሚያውቁት ነው። የመጀመሪያው ሎት ባዶ ቱቦዎች ውስጥ ራልስቶኒያና ብራዲራይዞቢየም አንደኛና ሁለተኛ ሆነው ተቀምጠዋል። ልጁ ሁለቱንም ውጤት የመመረቂያ ጽሑፉ ውስጥ ጎን ለጎን አስገባ። ለእኔ ከጽሑፉ ሁሉ ጠቃሚው ምዕራፍ ያ ነው።

አሁን እኛ ጋ ኪቱ ለጥናቱ በሙሉ የሚበቃ ካልሆነ የመጀመሪያዋ ቱቦ አትከፈትም። የባዶዎቹ ሲኩዌንስ ሒሳብ በጀቱ ላይ ከናሙናዎቹ በፊት ይጻፋል፤ ሲቆረጥ የሚቆረጠው ሌላ ነገር ነው። ናሙናዎች በመጡበት ቅደም ተከተል አይሠሩም፣ ተደባልቀው እንጂ።

ጋሼ ከጽሑፉ አዘጋጆች አንዱ ሆነው ይግቡ ብዬ ነበር፤ ፕሮፌሰሩም ልጁም ወዲያው ተስማሙ። እንደ እሳቸው ያለ ሰው ስም መጨረሻ ላይ በምስጋና አንድ መስመር ተጽፎ እንዲያልፍ ለዓመታት ተለምዷል፤ ልክ አይደለም። ጋሼ ስማቸውንና የአባታቸውን ስም ፓስፖርታቸው ላይ እንዳለው አድርገው በወረቀት ጽፈው ሰጡን፣ ፊደል እንዳይሳሳት።

በሚመጣው ዓመት ጡረታ ይወጣሉ። ሳይወጡ አብሯቸው ሠርቶ የሚተካ ሰው ይቀጠርልን ብለን ጽፈን ነበር። በጀት የለም ተባልን። እንደገና ጽፈናል፤ በዚህኛው ደብዳቤ የደብተሩን ገጽ ፎቶና ሁለቱን ግራፎች አያይዘናል።