የማታዋ ሁለት ደቂቃ

አብዛኛው ሰው ጥርሱን የሚያጸዳው ጠዋት ነው። ፊቱን ይታጠባል፣ ይጉመጠመጣል፣ መፋቂያ የለመደውም መንገድ ላይ እየፋቀ ይሄዳል። ለአፍ ጠረን ደግ ነው። ጥርስን ከመቦርቦር የሚያድነው ግን በዋናነት የማታው ነው። ስንተኛ ምራቃችን በጣም ይቀንሳል፤ ባክቴሪያ ከስኳር የሚሠራውን አሲድ የሚያጥበውና ለጥርስ ካልሲየም የሚመልሰው ደግሞ ምራቅ ነው። ስኳር የበዛበት ሻይ ጠጥቶ የተኛ ሰው ለባክቴሪያው ሌሊቱን ሙሉ ድግስ ደግሶለታል። ቤቱ ውስጥ አንድ ልማድ ብቻ ማስገባት የሚችል፣ «ማታ ጥርስ ከታጠበ በኋላ ከውኃ በቀር ምንም አይቀመስም» የሚለውን ያስገባ።

ብሩሹ ለስላሳ ይሁን። ጠንካራው የተሻለ ያጸዳል የሚሉ አሉ፤ በኃይል ሲፈተግ ድድ ይሸሻል፣ የጥርሱ ሥር ይራቆታል፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ውኃ በተጠጣ ቁጥር ይጠዘጥዛል። የብሩሹን ጸጉር ጥርስና ድድ የሚገናኙበት መስመር ላይ 45 ዲግሪ ያህል ጋደል አድርጎ፣ ሁለት ሁለት ጥርስ እየያዙ ቀስ ብሎ ማንቀጥቀጥ ነው እንጂ እንደ መጋዝ መገዝገዝ አይደለም። በውጭ፣ በውስጥ፣ በማኘኪያው በኩል፣ በድምሩ ሁለት ደቂቃ። ብዙ ሰው የሚረሳው የታችኞቹን የፊት ጥርሶች የውስጥ ገጽ ነው። ምራቅ የሚፈልቀው ከምላስ ሥር ስለሆነ እዚያ የተረሳ ቆሻሻ በቀናት ውስጥ ወደ ድንጋይነት ይቀየራል። ብሩሹን ቀጥ አድርጎ አቁሞ በጫፉ መድረስ ይቻላል። ሲያበቃ አረፋውን መትፋት ብቻ ነው። በውኃ ከተጉመጠመጡ በጥርስ ሳሙናው ውስጥ ያለው፣ ጥርስን የሚያጠነክረው ፍሎራይድ ተጠራርጎ ይሄዳል፤ የሳሙናውም ዋጋ አብሮት።

ሳሙና ሲገዛ ከጣዕሙ በፊት ካርቶኑ ጀርባ ላይ ያለው የፍሎራይድ መጠን ይታይ፦ ለአዋቂ ከ1350 እስከ 1500 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ ስንቱ እንደሆነ የሚገልጽ መለኪያ)፣ ለልጅ ቢያንስ 1000። ማስታወቂያ ላይ ብሩሹን ዳር እስከ ዳር የሚሸፍነው መጠን ሳሙናው ቶሎ እንዲያልቅ ነው። ከ3 ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃለች። በነገራችን ላይ፣ በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የሚታየው ቡናማ ጥርስ ካለማጽዳት የመጣ አይደለም። ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ በመጠጣት የሚመጣ ነው። ውኃውን ማፍላት አይረዳም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን የቀረው ፍሎራይድ ይወፍራል። እዚያ ለሕፃናት የዝናብ ውኃ ማጠራቀም ይሻላል።

ልጅን በተመለከተ፣ ማጽዳቱ የሚጀምረው የመጀመሪያዋ ጥርስ ብቅ ስትል፣ 6 ወር ገደማ ነው። እስከ 7 ወይም 8 ዓመት ድረስ ብሩሹን የሚይዘው ወላጅ ነው። ልጁ ጀርባውን ለእናት ወይም ለአባት ሰጥቶ ይቁም፣ ጭንቅላቱ ደረት ላይ ይደገፍ፣ ከንፈሩ በጣት ይነሳ። 6 ዓመት ሲሞላው የባትሪ መብራት ይዛችሁ ከመጨረሻው የወተት መንጋጋ ጀርባ ተመልከቱ። ምንም ጥርስ ሳይወልቅ አዲስ መንጋጋ ይበቅላል። የወተት ጥርስ መስሏቸው «ይወልቃል» ብለው የሚተዉት ብዙ ናቸው፤ ቋሚ ነው፣ ምትክ የለውም። እያደገ ሳለ ከጎረቤቱ ዝቅ ስለሚል ብሩሹ ሳይነካው ያልፋል። ስለዚህ ብሩሹን ከጉንጭ በኩል አግድም አስገብቶ እሱን ለብቻው ማጽዳት ያስፈልጋል።

ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው «ግግ ነው» ብሎ ድዱን ማስቧጠጥ ዛሬም አልጠፋም። ያ ያበጠው ነገር ሊወጣ ያለ የክራንቻ ጥርስ ነው። ሲቆፈር ደም ይፈሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ከሥሩ እየተሠራ ያለው ቋሚ ጥርስም ይበላሻል። ለተቅማጡ ኦአርኤስና ጤና ጣቢያ ነው።

ስኳር ላይ ከመጠኑ ይልቅ ስንት ጊዜ የሚለው ይበልጣል። አፍ ውስጥ ስኳር በገባ ቁጥር አሲዱ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሁሉም በስኳር ከተጠጡና ወሬው ከረዘመ ጥርሱ ከሰዓቱን ሙሉ አሲድ ውስጥ ተነክሮ ዋለ ማለት ነው። ቡናውን ማንም አይከለክል፤ ቢያንስ አንዱ ስኒ ያለ ስኳር ይሁን።

ድድ ሲደማ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፦ ያንን ቦታ መንካት ያቆማል። የሚያደማው እዚያ የተጋገረው ቆሻሻ ስለሆነ፣ በለስላሳ ብሩሽ በደንብ ማጽዳትና በጥርሶቹ መሀል ክር ማስገባት ነው መድኃኒቱ። ስቴኪኒ ክርን አይተካም፤ ድዱን ይወጋል እንጂ ጥርሶቹ የተጣበቁበት አይደርስም። ሁለት ሳምንት እንዲህ ተደርጎ ካልቆመ ድንጋይ ሊኖርበት ይችላል። እሱን ደግሞ ብሩሽ አይነቅለውም፤ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ማሳጠብ ነው። ሲታጠብ ጥርስ ይላላል የሚለው ወሬ የመጣው፣ ድንጋዩ ደግፎት የነበረ ቀድሞውኑ የላላ ጥርስ ድንጋዩ ሲነሳ ስለሚነቃነቅ ነው።

መፋቂያ ለለመደ፣ የወይራውም የክትክታውም ደህና ነው። ጫፉ ታኝኮ እንደ ብሩሽ ይለስልስ፣ የትናንቱ ጫፍ ይቆረጥ፣ አፋፋቁ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ ይሁን። የጥርሶቹ ውስጠኛ ገጽ ግን አይመቸውም፤ ፍሎራይዱንም አይሰጥም። ስለዚህ ቀን መፋቂያ፣ ማታ ብሩሽና ሳሙና።