ከትከሻ እስከ ብብት የተተረተረው ካፖርት

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ካሉት የልብስ ስፌት ቤቶች በአንዱ፣ ጥምቀት ደርሶ ሥራ በተደራረበበት ሰሞን፣ አንዲት እናት ከነፀጉሩ ከለፋ የእንስሳ ቆዳ የተሰፋ ቡናማ የፀጉር ካፖርት ይዘው መጡ። ካፖርቱ ከውጭ አገር የመጣ የቤተሰብ ልብስ ሲሆን ለብዙ ዓመታት ሻንጣ ውስጥ ታጥፎ ኖሯል። «ትከሻው ይጥበብልኝ፣ ገበሩም ይቀየር» አሉ። ወጣቱ ሰፊ ዳበስ ዳበስ አድርጎ ፀጉሩ ሲያብረቀርቅ አየና «ምንም አልሆነም እትዬ፣ አዲስ ነው» ብሎ ቀብድ ተቀበለ።

ማታ ትከሻውን በመኪና ሰፍቶ ሲገለብጠው ካፖርቱ እስከ ብብቱ ተተረተረ። ክሩ አልተበጠሰም፤ የተቀደደው ከክሩ አጠገብ ያለው ቆዳ ነው። መርፌው አቀራርቦ የወጋቸው ቀዳዳዎች እንደ ቴምብር ጠርዝ የመቀደጃ መስመር ሠርተውለታል። ልጁ ደንግጦ በካውያ እንፋሎት ሊያቃናው ሲሞክር ጭራሽ ባሰበት፤ ጠርዙ ተኮማትሮ ደረቀ።

ዋናው ሰፊ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ገበሩን ፈትተህ አይተኸዋል?»

ፀጉር እንዳማረበት ለአሥርት ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ የተሸከመው ቆዳ ግን ቀድሞት ያረጃል። የድሮ ካፖርት ቆዳ በአብዛኛው የሚለፋው በአሉም (አሉሚኒየም ባለበት ጨው) ነው። ቅባቱ ሲደርቅና የልፋቱ አሲድ ሲበላው ውስጡ ይበጣጠሳል። ሻንጣው ቁምሳጥን አናት ላይ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከኖረማ የበጋው ሙቀትና የክረምቱ እርጥበት ይፈራረቁበታል። በክሮም ጨው የተለፋ የጫማ ቆዳ የፈላ ውሃ ሲችል፣ ይኸኛው እርጥበት ካገኘው በ60 ዲግሪ አካባቢ ሊኮማተር ይችላል። ስለዚህ ካውያ ጨርሶ አይነካውም።

ዋጋ ከመነገሩ በፊት መጀመሪያ እውነተኛ ፀጉር መሆኑ ይለያል፤ ሰልባጅ ተራ የሚገኘው አብዛኛው ሰው ሠራሽ ነውና። ፀጉሩን ከፈል አድርጎ ሥሩን ማየት ይበቃል፦ ቆዳ ከሆነ እውነተኛ ነው፣ የጨርቅ ሽመና ከታየ አይደለም። ካጠራጠረ ሁለት ሦስት ፀጉር ነቅሎ ከልብሱ ራቅ አድርጎ ማቃጠል ነው። እውነተኛው የተቃጠለ ጠጉር ይሸትና አመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሹ ቀልጦ ጠጣር እንክብል ይሠራል።

የእንስሳው ዓይነት ቀጥሎ ይመጣል። ሚንክ (ለፀጉሩ የሚረባ ትንሽ የዱር እንስሳ) አጭር፣ እኩልና አብረቅራቂ የላይ ፀጉር አለው፤ ከሥሩ ጥቅጥቅ ያለ ለስላሳ ፀጉር ይገኛል። የቀበሮ ረጅም ነው። ጥንቸል ለስላሳ ቢሆንም በቀላሉ ይረግፋል። ጥሩ የሚንክ ካፖርት ገበሩ ተፈትቶ ከቆዳው በኩል ሲታይ ስፋታቸው ከ1 ሳንቲሜትር የማይበልጥ የቆዳ ጥብጣቦች በሰያፍ ተሰፍተውበታል። ያማረ ሥራ ነው፤ ግን ቆዳው ሲያረጅ እያንዳንዱ ስፌት የመቀደጃ ቦታ ይሆናል።

ዋናው ፍተሻ ቆዳው ላይ ነው። ከታችኛው ጠርዝ 10 ሳንቲሜትር ያህል ገበር ይፈታል፤ ቆዳው በሁለት ጣት ተይዞ ይታጠፋል፣ ቀስ ተብሎም ይሳባል። ከተለጠጠና ከተመለሰ ይሠራል። ከተንኮሻኮሸ ወይም ከተሰነጠቀ በቅባትም በምንም አይመለስም፤ ቅባት የሚያድነው ገና መድረቅ የጀመረውን ብቻ ነው። ጠርዙ ደህና ሆኖ ብብቱ ሊበሰብስ ስለሚችል (ላብ ይጎዳዋል) ብብቱ፣ ኮሌታው፣ የኪሱ አፍና እጅጌው ለየብቻ ይታያሉ። ፀጉሩ ሲሳብ በጭብጥ የሚነቀል ከሆነ ሥሩ ለቋል። ተግጦ የተመለጠ ቦታ ካለ ብል ገብቶበታል፤ ሌሎች ልብሶች አጠገብ አይቀመጥም።

የእትዬ ካፖርት ትከሻ ማጥበቡ ቀረ፤ የዚያ ቀብድ ተመለሰ። የተኮማተረው ጠርዝ ከቆዳው በኩል በምላጭ ተቆረጠ፤ መቀስ ፀጉሩን አብሮ ይቆርጣል። ቅዳዱም ከሥሩ ስስ የጥጥ ጨርቅ ተደርጎለት፣ ጨርቁ ጠንካራው ቆዳ ድረስ አልፎ፣ ሳሳ ባለ የእጅ ስፌት ተያዘ። አዲሱ ገበርም የካፖርቱን ክብደት እንዲሸከም ከትከሻው ጠበቅ ተደርጎ ተሰፋ። ሲረከቡ የተነገራቸው፦ ሰፋ ያለ መስቀያ፣ የጥጥ ከረጢት፣ ፌስታል የለም፣ ሻንጣም የለም።